ከሾላው ሥር ያለው ውሃ

አባቴ ዓሣ ያለበትን ውሃ ሲፈልግ መጀመሪያ ውሃውን አያይም ነበር። ቀና ብሎ ዛፉን ያያል። ዛፉ ላይ ወፍ ተቀምጦ እንደሆነ ያያል። ከዚያ ዝቅ ብሎ የዳሩን ጭቃ በጣቱ ነክቶ ያሸታል። ውሃውን የሚያየው በመጨረሻ ነው፤ እሱንም በጎን፣ እንዳላየ ሆኖ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩና ዓሦቹ እንዳይደነግጡ የሚጠነቀቅ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን የፈራው ውሃው ባዶ ሆኖ እንዳያገኘው ነው።

ምሥጋናው ይባላል። ጣና ዳር፣ ጎርጎራ ተወልዶ ያደገ፣ ዘመዶቹ «ከመራመዱ በፊት ዋኘ» እያሉ የሚቀልዱበት ሰው ነው። ግሬደር ነጂ ሆኖ ደባርቅ ተመደበ፤ እዚያው የዳባት ቄስ ልጅ የሆነችውን እናቴን ይርገዱን አገባ፤ እኔን ሰገነትን ወለዱ። በዚያን ጊዜ ለደባርቅ ሰው ዓሣ ከነጭራሹ ምግብ አልነበረም። የክፍሌ ልጆች ሲጣሉኝ አፍንጫቸውን ይዘው «የዓሣ ልጅ፣ ሽታሽ መጣ» ይሉኝ ነበር። ዓሣ በዓመት አንዴ፣ ያውም የጎርጎራ ዘመድ ሲመጣ ብቻ የሚገባበት ቤት ምን እንደሚሸት እንግዲህ እነሱ ያውቃሉ።

ጥቅምት ላይ መሥሪያ ቤቱ አባቴን ከሊማሊሞ ግርጌ ወዳለችው ወደ ዛሪማ አዛወረው። በረሃ ነው ተባለ። ዕቃ በተጫነ ዕለት አባቴ የእናቴን ብርድ ልብስ፣ ብርጭቆዋንና ሳህኗን ለብቻ በማዳበሪያ ቋጥሮ ዳባት እንዲደርስላት ለሰው ሰጠ። እሷ ቀደም ብላ አባቷ ቤት ሄዳለች፤ ስትሄድ እኔ ትምህርት ቤት ስለነበርኩ አልተሰነባበትንም። «እናትሽ ሙቀት አይስማማትም። ዝናብ ጥሎ አየሩ ሲቀዘቅዝ ትመጣለች» አለኝ። እኔ ግን ጎረቤቶቻችን ባልና ሚስት ሲፋቱ ድስትና ብርጭቆ ደጅ አውጥተው ሲከፋፈሉ አይቻለሁ። የእናቴ ብርጭቆ ለብቻ ሲቋጠር ሳይ ነገሩ ገባኝ። ተጣልታናለች አልኩ በልቤ።

ሰው ማንከራተት ስለማልወድ ከወዲሁ ልናገረው። እናቴን የያዛት የሳንባ ነቀርሳ ነበር፤ ብርጭቆና ሳህኑ የተለየው ለዚያ ነው። ያን ጊዜ በእኛ አገር ሳንባ የያዘው ሰው መድኃኒቱን እየዋጠ ቢሆንም ወሬው ከወጣ ደጁን የሚረግጥለት አልነበረም፤ ከልጁም ጋር ማንም ልጁን አያጫውትም። ስለዚህ እናቴ ለማንም እንዳይናገር፣ ከሁሉም በላይ ለእኔ እንዳይናገር አባቴን አስማለችው። «ሰገነት ትሙት» ብሎ ማለላት። ይህን ያወቅሁት ገና አምና ነው።

ሊማሊሞን የወረድነው በአይሱዙ፣ ከፍራሽና ከድስት ጋር ተጭነን ነበር። ጆሮዬ ተደፈነ። በየጠመዝማዛው አንድ አንድ ልብስ እያወለቅኩ ዛሪማ ስንደርስ በስስ ቀሚስ ቀረሁ። ቤታችን ካምፑ ውስጥ ያለ የቆርቆሮ ክፍል ሆነ፤ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ማታ መልሶ ይተፋዋል። ትምህርት ቤት ልጆቹ ሲያወሩ አማርኛውን ከትግርኛ ስለሚቀላቅሉት ግማሹ ያመልጠኛል። ሲስቁ ዘግይቼ እስቃለሁ። ጓደኛ አልነበረኝም፤ አባቴም አልነበረውም። ማታ ማታ ራታችንን በልተን በር ላይ እንቀመጥና እሱ «ደህና ዋልሽ?» ይለኛል፣ እኔ «ደህና ዋልኩ» እለዋለሁ። ሁለታችንም እንዋሻለን።

ኅዳር አጋማሽ ላይ የነቢያት ጾም ሲገባ አባቴ ከዕቃው ሥር አንድ የቅባት ቆርቆሮ አወጣ። ውስጡ መንጠቆና የተጠቀለለ ናይለን ክር ነበር። «እናትሽ ዓሣ ከበላች ቶሎ ትመጣለች» አለኝ። ይህም ወዲያው ገባኝ። መማለጃ ነው። የተቀየመ ሰው ዝም ብሎ አይታረቅም፤ አንድ ነገር ይዘው ይሄዱበታል፤ ከተቀበለ ታርቋል።

ነገሩ ሌላ ነበር። ሐኪሙ እናቴን ሥጋና እንቁላል፣ ወተትም ካልወሰድሽ መድኃኒቱ ብቻውን አያነሳሽም ብሏታል። እሷ ደግሞ በጾም አልገድፍም አለች። አያቴ መምሬ ሃብተ ጊዮርጊስ ራሳቸው፣ ስንቱን ሲያስጾሙ የኖሩት ቄስ፣ ለበሽተኛ የተፈቀደ ነው ብለው ለመኗት፤ አሻፈረኝ አለች። በመጨረሻ አባቴ በጎርጎራ ልማድ ዓሣ በዚህ ጾም ይበላል ብሎ ተከራከረ። መምሬ አሰቡበትና ቅርፊት ያለው ከሆነ ይሁን አሉ። እናቴም በዚያ ተስማማች። እንግዲህ አባቴ በዚያ በረሃ ውስጥ ቅርፊት ያለው ዓሣ ማግኘት ነበረበት፤ ካላገኘ ሚስቱ ትሞትበታለች።

የዛሪማ ወንዝ በጋ ላይ እየደረቀ እዚህም እዚያም የተቆራረጠ ኩሬ ይሆናል። እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ኩሬ ፍለጋ እንወርዳለን። መጀመሪያ የሞከርነው ድልድዩ ሥር ነበር፤ ሹፌሮች መኪና ያጥቡበታልና ውሃው ላይ ናፍጣ ተኝቶበታል፤ አባቴ ጭቃውን አሽትቶ ትቶት ሄደ። ቀጥሎ ከብት የሚጠጣበትን ሞከርን። እዚያ ዓሣ ሞልቷል፤ ግን ሁሉም አምባዛ ነው፣ ጢሙን አንጨፍርሮ የሚወጣ፣ ቆዳው ልሙጥ የሆነ። ቅርፊት የለውምና የመምሬ ልጅ አትበላውም። አባቴ እያንዳንዱን በጥንቃቄ ከመንጠቆው እያላቀቀ ወደ ውሃው ይመልሰዋል። ቆመው የሚያዩን እረኞች ይስቃሉ። ዓሣ ማጥመዱ ራሱ ሳይገርማቸው አጥምዶ መልቀቁ ገርሟቸው ነበር።

አባቴ ሥራ ሲውል የምቆየው ከካምፑ አጠገብ ሻይ ቤት ካላቸው ከእትዬ ደብሪቱ ዘንድ ነበር። ደግ ሴት ናቸው፤ ምላሳቸው ግን አያርፍም። አንድ ቀን ከጓዳ ሆኜ ለደንበኛቸው ሲያወሩ ሰማሁ። «ሙቀት ነው ይላል። ሙቀት ሚስት አያስኮበልልም እቴ። ዓሣ ዓሣ እየሸተተ ማን አብሮት ይኖራል?» ሳቁ። እኔ እጅጌዬን አሸተትኩ። ሽታ እንደሆነ የራስ አይታወቅም፤ ምንም አልሸተተኝም፤ ያም ይበልጥ አስፈራኝ።

ሾላውን ያገኘነው ከከተማው ራቅ ብለን፣ ወንዙ በድንጋይ መሐል በሚታጠፍበት ቦታ ነው። ትልቅ ዛፍ ነው፤ ግማሽ ቅርንጫፉ ውሃው ላይ ተዘርግቷል። አባቴ እንደ ልማዱ ዛፉን ሊያይ ቀና ሲል እኔ ውሃውን እያየሁ ነበር። አንድ የበሰለ ሾላ ጠብ አለ። ውሃው ከሥሩ ዋጠው። «አባዬ፣ ውሃው ሾላውን በላው» አልኩት። ሌላ ሾላ ወደቀ፣ እሱም ተዋጠ። አባቴ ቀስ ብሎ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ሾላ አንስቶ መንጠቆው ላይ ሰካ፤ ክሩን ለቀቀ።

የወጣው ቀረሶ ነበር። ሰፊ፣ ጠፍጣፋ፣ ከራሱ እስከ ጅራቱ ቅርፊት የለበሰ። አባቴ አንዷን ቅርፊት በጥፍሩ ፈልቅቆ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ቀና ብዬ ሳየው ፊቱ ረጥቧል። «ላብ ነው» አለኝ፣ ሳልጠይቀው።

ከዚያ ወዲያ ሾላው የኛ ሆነ። አባቴ የዓሣውን ሆድ ይከፍታል፣ እኔ ጨው እሞላለሁ፣ ጥላ ሥር እናጠነፍፈዋለን። ቅርፊቱን አንነካውም፤ መምሬ በዓይናቸው ማየት አለባቸው። ሽቅብ ወደ ዳባት የሚያወጣው ጋሽ ቢራራ የሚባል የአይሱዙ ሹፌር ነው። ሲመለስ መንገድ ዳር እጠብቀዋለሁ። መምሬ ከደጅ ተቀበሉኝ፣ አገላብጠው አዩት፣ ይዘው ገቡ ይለኛል። እናቴን አይተሃታል ወይ ስለው ግን አላየኋትም ይላል። ቢሆንም ተቀብላለች። ተቀበለች ማለት ታርቃናለች ማለት ነው ብዬ በደስታ ወደ ቤት እሮጣለሁ።

ለገና ዳባት ወጣን። ከሾላው ሥር ካወጣናቸው ሁሉ ትልቁን ዓሣ በፌስታል ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አድርጌ ነው ሊማሊሞን የወጣሁት። ብርዱ ዳባት ላይ ተቀበለን። አያቴ ግንባሬን ስመው ወደ ጓሮ አሳለፉኝ። እናቴ ከግቢው ዳር፣ አጥሩ ጥግ፣ ፀሐይ ላይ በርጩማ አስቀምጣ ተቀምጣለች። ከስታለች። ነጠላዋን አፍንጫና አፏ ላይ አጣፍታ ይዛዋለች። እናቴ መሆኗን ያወቅሁት በዓይኗ ነው።

ሮጥኩ። እጇን ዘረጋች፤ ግን ለእቅፍ አልነበረም። «እዚያው ሁኚልኝ» አለች።

ቆምኩ። ነፋስ ነበር፤ ከጀርባዬ ወደ እሷ የሚነፍስ። ነፋሱ መጣ ባለ ቁጥር ነጠላዋን ጠበቅ ታደርጋለች፣ ዓይኗም ውሃ ይሞላል። ዓሣውን ማን እንዳጠመደው ጠየቀችኝ፤ እኔ ነኝ አልኳት። ጎበዝ አለች ከጨርቁ ውስጥ። ፌስታሉን መሬት ላይ አስቀምጬ ወደ ኋላ ሄድኩ። ደባርቅ ትምህርት ቤት አፍንጫቸውን የሚይዙት ልጆች ታወሱኝ፤ እትዬ ደብሪቱም ታወሱኝ። እውነታቸውን ነው አልኩ። እሸታለሁ። እናቴ የማትመጣው ስለምንሸት ነው።

በኋላ እሷና አባቴ ራቅ ብለው ሲነጋገሩ ሰማሁ። «አልነገርካትም?» ትለዋለች። «አልነገርኳትም» ይላታል። «ማልልኝ» ስትለው ደግሞ ማለላት። ያልነገረኝ ነገር መፋታታቸው እንደሆነ አልተጠራጠርኩም።

ዛሬ ደባርቅ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። መድኃኒቱን ሁለት ሦስት ወር በሥርዓት የወሰደ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሽታውን ወደ ሌላ እንደማያስተላልፍ ለተማሪዎቼ ስነግር እኖራለሁ። ምናልባት ያን ዕለት ብታቅፈኝ ምንም አልሆንም ነበር። ለእሷም ሳይነገራት አልቀረም፤ ግን በእኔ ላይ የምትሞክረው ነገር አልነበረም።

ዛሪማ ተመልሰን የመጀመሪያው እሑድ አባቴ ቆርቆሮውን አንስቶ በር ላይ ጠበቀኝ። የቤት ሥራ አለኝ አልኩት። የሚቀጥለው እሑድም የቤት ሥራ ነበረኝ። እሱ ሲሄድ በኦሞና በሎሚ እጄን እስኪላጥ አሽ ነበር። ከዚያ በር ላይ ቆሜ፣ በዚያ ሜዳ ላይ ብቻውን ወደ ወንዙ ሲወርድ ጀርባውን አያለሁ። ልጠራው እፈልጋለሁ፤ ግን አልጠራውም። በሕይወቴ እንደዚያ የከፋኝ ጊዜ ጥቂት ነው። ሁዳዴ ገብቶ እናቴ ዓሣም አልበላም ካለች በኋላ እንኳ መሄዱን አልተወም። ያኔ ምን ሊያደርግ ይሄዳል እያልኩ እናደድበት ነበር። ልጁም ሚስቱም የራቁት ሰው ሌላ ወዴት ይሂድ?

ሰኔ ላይ ዝናብ ጣለና እናቴ መጣች። አባቴ ያን ዕለት ምሳ ቀረሶ ጠብሶ ነበር፤ ሊተርፍላት ይገባል ብሎ እሱ አልቀመሰም፤ እኔን ግን በግድ አበላኝ። የጋሽ ቢራራ መኪና ሲቆም ወጥቼ ሮጥኩ። እናቴ ከጋቢና ወረደች። ፊቷ ሞልቷል፤ አፏ ላይ ምንም የለም። ሁለት እጆቿን ዘርግታ ተንበረከከች።

ልደርስባት ስል ምሳዬ ትዝ አለኝ። ዳባት ያቆመችኝን ያህል ርቀት ላይ ቀጥ አልኩ። የሻሼን ጫፍ ስቤ አፌንና አፍንጫዬን ሸፈንኩ፤ አንድ እርምጃም ወደ ኋላ አልኩ። ሽታዬ እንዳይደርስባት ነው። እንዲህ ካደረግሁ ደስ ይላታል፣ አትመለስም ብዬ ነው።

የእናቴ እጆች ወረዱ። በጭንቅላቴ ላይ አሻግራ አባቴን አየችው።

«ነገርካት» አለችው።

«አልነገርኳትም።»

«ልጄ ትሙት ብለህ ምለህ ነገርካት።»

አባቴ ደግሞ ሊምል አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። እናቴ ከመሬት ተነሥታ ገባች። መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ከጓዟ ውስጥ የራሷን ብርጭቆ አውጥታ መደርደሪያው ጥግ ለብቻው ማስቀመጥ ነው። ድና እንኳ ከሌላ ብርጭቆ ጠጥታ አታውቅም። ስትስመኝም አናቴን ነው እንጂ ጉንጬን አይደለም። ያኔ እኔ የማስበው በደንብ አልታጠብኩም ብዬ ነበር።

ሌላም ነበር። በልጅ ስም ተምሎ ከታበለ መሐላው ልጁን ይይዘዋል ብላ ስለምታምን፣ ባስነጠስኩ ቁጥር ፊቷ ይገረጣል፤ አባቴን ታየዋለች። በየጠበሉ ወሰደችኝ። የዓሣውን ሽታ ሊያስለቅቁልኝ ይመስለኝ ነበርና ሳላንገራግር እጠመቃለሁ። ካደግሁ በኋላ ደግሞ፣ በተጨቃጨቁ ቁጥር «ያንተን መሐላ አውቀዋለሁ» ስትለው፣ አባቴ ሌላ ሴት ነበረችው ብዬ አሰብኩ። ይህን እንኳ አስቤበታለሁ። እሱ ቆርቆሮውን አንስቶ ይወጣል። ደባርቅ ከተመለስን በኋላም በየወሩ ሊማሊሞን ወርዶ ሾላው ሥር ውሎ ይመጣ ነበር። ዓሣ ያመጣል፤ ትሠራለታለች፤ አብረው ይበላሉ፤ አይነጋገሩም። ሦስት ዓመት ሆነው ከሞተ።

አምና ጉንፋን ይዞኝ ከትምህርት ቤት ቀርቼ ሳለሁ እናቴ ልትጠይቀኝ መጣች። በሩን ስከፍት እንዳላስይዛት የነጠላዬን ጫፍ አፌ ላይ አደረግሁ። ደፉ ላይ እንደቆመች ቀረች።

«ያኔም እንዲህ ነበር ያደረግሽው» አለች።

«መቼ?»

«ዛሪማ፣ ከመኪና ስወርድ።» ገብታ ተቀመጠች። «እንግዲህ አባትሽ አልፏል፤ አልጣላውም። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ሳንባዬን መታመሜን የነገረሽ መቼ ነው?»

«የምን ሳንባ?» አልኳት።

ፊቴን ለረጅም ጊዜ አየችው። እናት የልጇን ውሸት ታውቃለች፤ እየዋሸሁ አልነበረም። ከዚያ በሽታውን፣ መሐላውን፣ ብርጭቆውን አንድ በአንድ ነገረችኝ። እኔም የራሴን ነገርኳት። ዓሣ በልቼ ስለነበር ነው አልኳት፤ ዳባት አፍንጫሽን ይዘሽብኝ ነበር፤ እንዳልሸትሽ ብዬ ነው አልኳት።

«ዓሣ?» አለች። ቆይታ «ነፋሱ ጠረንሽን እንዲያመጣልኝ ብዬ እኮ ነው እዚያ ጥግ የተቀመጥኩት» አለች። ከዚያ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለችና አለቀሰች። ለእኔ እንዳልሆነ ገብቶኛል። እያለቀሰች የምትለው «ማለልኝ እኮ፣ ማለልኝ እኮ» ነበር።

ታኅሣሥ ላይ፣ መንገዱ ደህና ነው ሲባል፣ ያንን ውሃ አሳዪኝ አለችኝ። ያን ሁሉ ዘመን አንድ ቀን እንኳ አብራው ወርዳ አታውቅም። በሚኒባስ ዛሪማ ወርደን ቀሪውን በእግር ሄድን፤ እሷ በየጥላው እያረፈች። ሾላው አለ። አንድ ትልቅ ቅርንጫፉ ተገንጥሏል፣ የቀረው ግን አሁንም ውሃው ላይ እንደተዘረጋ ነው። የት ነበር የሚቀመጠው አለችኝ። ድንጋዩን አሳየኋት። መሐሉ ልሙጥ ሆኗል። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ እዚያው ላይ ተቀመጠች።

ሾላ ጠብ ይላል፣ ውሃው ከሥር ይውጠዋል። እናቴ ይህን እያየች ብዙ ቆየች።

«አልነገርካትም» አለች፣ ወደ ውሃው።

ከዚያ ከያዘችው የውሃ ጠርሙስ ተጎነጨችና አፉን ሳትጠርግ ለእኔ አቀበለችኝ።